ጅቡ፣ ጂኑና ሐይቁ

ሐረር ጥያቄ የማይነጥፍባት ከተማ ናት። እንግዳ ሆኖ የገባ ሁሉ ከሻንጣው ጋር ጥያቄውን ተሸክሞ ይገባል። ጅቦቹ ሰው የማይነኩት ለምንድን ነው? ራምቦ የኖረበት ቤት የትኛው ነው? መስጊዶቹ በእርግጥ 82 ናቸው ወይስ ቆጣሪው አንዷን ሁለት ጊዜ ቆጠራት? ከመካ፣ ከመዲናና ከኢየሩሳሌም ቀጥላ አራተኛ ቅድስት ከተማ ናት የሚባለውስ ማን ደረጃ አውጥቶ ነው? ከተማዋ ለጠየቃት ሁሉ መልስ አታጣም። መልስ የሚያደርሱ አስጎብኚዎች አሏት፤ መልስ የሚጨምሩ ሽማግሌዎች አሏት፤ የተሰጠውን መልስ አፍርሰው እንደገና የሚሠሩት የበርጫ ሊቃውንት ደግሞ ከሁሉም ይበዛሉ።

በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ነገር ይገርመኛል። ጥያቄው እንዲህ በዝቶ ሳለ የትኛው እንቅልፍ ሊነሳን እንደሚገባ፣ የትኛው ደግሞ ለጨዋታ ብቻ እንደሚበቃ የሚለይልን የለም። ሁሉም እኩል ይጠየቃል። ሁሉም እኩል ያከራክራል። ክርክሩ ሲያልቅም ሁላችንም እኩል ጫማችንን አጥልቀን ወደየቤታችን እንገባለን። ቤት ስንደርስ ቧንቧው ደርቋል።

ነገሩን ከቀላሉ ልጀምር። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ነው። ያኔ ግጥም መጻፉን እርግፍ አድርጎ ትቶታል፤ የመጣው ቡናና ቆዳ ሊነግድ ነበር። ወጣ ገባ እያለ እስከ 1891 ቆየ። በዚያው ዓመት እግሩን ታሞ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወረደ፤ ከዚያም ተሻግሮ ማርሴይ ላይ ሞተ። ዛሬ ጀጎል ውስጥ «የራምቦ ቤት» ተብሎ የሚጎበኘው ያ ያማረ የእንጨት ፎቅ ግን እሱ ካለፈ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ራምቦ በዚያ ደረጃ አልወጣም፤ በዚያ መስኮት አላየም።

እሺ፣ እና ምን ይሁን? ጎብኚው እውነቱን ቢያውቅ ቅር ይለው ይሆናል። ነገር ግን ቤቱ ውስጥ የተሰቀሉት የጥንቷ ሐረር ፎቶግራፎች ለመግቢያ ከከፈለው በላይ ያስገኙለታል። ሰውዬው ኖረበትም አልኖረበትም ማንም ጦሙን አያድርም፤ ማንም አይታመምም። ለታሪክ ጸሐፊ ግን ጥያቄው ሥራው ነው፤ እሱ ይመርምር፤ የቤቱም ታሪክ በትክክል ይጻፍ። ለተቀረነው የሻይ ሰዓት ጥያቄ ነው። የሻይ ሰዓት ጥያቄ አያስፈልግም አላልኩም። ሻይም ያስፈልጋል። ጥፋቱ የሚመጣው ሻዩን ምሳ ነው ብለን ስንነሳ ነው።

አሁን ወደ ከበደው እንለፍ። ከራምቦ 25 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ፣ ሪቻርድ በርተን የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ሐረር ገብቷል። ጉዞውን የጀመረው እንደ ዓረብ ነጋዴ ለብሶ ነበር። ከተማዋ ሲቃረብ ግን ቱርክ ነው ብለው ከሚጠረጥሩኝ ማንነቴን ልግለጥ አለና፣ ከኤደን የተላከ የሚመስል ደብዳቤ በገዛ እጁ ጽፎ «የእንግሊዝ መልእክተኛ ነኝ» ብሎ አሚር አሕመድ ፊት ቀረበ። አሥር ቀን ተቀመጠ። ያየውን፣ የሰማውን፣ የገመተውን ሁሉ ቋጥሮ ወጣና በሚቀጥለው ዓመት መጽሐፍ አሳተመ። የሐረሪ ቋንቋን ሰዋስው ሳይቀር ከመጽሐፉ መጨረሻ አያይዟል። እንግዲህ ጉጉት ሲባል ይሄ ነው፤ አንገቱን ለማስቀላት የተዘጋጀ ጉጉት።

በሩን ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች ደግሞ እምነት ነበራቸው። የፈረንጅ እግር የረገጣት ቀን የከተማዋ ውድቀት ይጀምራል የሚል ትንቢት ይነገር እንደነበር በርተን ራሱ ጽፏል። የመጽሐፉንም ርዕስ ያወጣው ከዚያ ነው። እና ምን ሆነ? 20 ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1875፣ ሐረር ወደቀች። «ይኸው ትንቢቱ ደረሰ!» የሚል አይጠፋም። ልብ በሉ ግን፣ ከተማዋን የያዘው የፈረንጅ ጦር አልነበረም። በራኡፍ ፓሻ የሚመራ፣ የግብፁ ኸዲቭ እስማኤል የላከው፣ ሐረሮቹ ወደሚሰግዱበት ቂብላ የሚሰግድ ጦር ነበር። አሥር ዓመት ገዝቶ እ.ኤ.አ. በ1885 ሲወጣም ከተማዋ እፎይ አላለችም፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጨለንቆ ላይ የምኒልክ ጦር አሸነፈና ሌላ ዘመን መጣ።

ትንቢቱ ትክክል ነበር ወይስ ስህተት ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ስንት በርጫ ያስጨርሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ትንቢቱ ዘበኛውን ምን እንዳስጠየቀው ነው። ዘበኛው «ይሄ የሚመጣው ሰው ፈረንጅ ነው ወይስ አይደለም?» እያለ ፊት ይመረምር ነበር። በዚያው ዘመን ከቀይ ባሕር ማዶ ጠመንጃው ተለውጧል፤ መርከቡ ተለውጧል፤ ወደቡን የሚይዘው መንግሥት ተለውጧል። ሊጠየቅ የሚገባው «ማን ይገባል?» ከሚለው ይልቅ «ዓለሙ ምን ይዞ እየመጣ ነው?» የሚለው ነበር። የተሳሳተ ጥያቄ ባዶ እጁን አይመጣም፤ የዘበኛውን ዓይን ይዞ ይሄዳል። አንድ ሰው ያለው ዓይን ሁለት ነው፤ ወደ አንዱ ሲያይ ሌላውን አያይም።

ይሄን ስል «ገባኝ፣ እምነት ይጎዳል፣ እውቀት ይጠቅማል ልትል ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡ። እንደዚያ ቢሆንማ ነገሩ እንዴት በቀለለ! ጅቡ ይመስክር።

ሐረር ውስጥ ጅብ ጂን ይበላል ይባላል። ማታ ማታ ወደ ከተማው የሚገባው ሥጋና አጥንት ብቻ ፍለጋ አይደለም፤ ጂኑንም ይጠርጋል ነው። የግንቡ ቀዳዳዎች «ዋራባ ኑዱል»፣ የጅብ ቀዳዳ፣ ይባላሉ። በአሹራም ገንፎ ተገንፍቶ፣ ቅቤ ፈሶበት፣ ለጅቦች ይቀርባል። ጅቡ እንዴት እንደበላ፣ ምን ያህል እንዳስተረፈ ታይቶ የመጪው ዓመት ጤናና ጥጋብ ይገመታል። እኛ ተምረናል የምንል ሰዎች ይሄን ስንሰማ ከንፈራችንን ነከስ አድርገን እንስቃለን። «ለመሆኑ ጂን አለ?» እንላለን። «አለ እንበል፣ ጅብ ይበላዋል?»

ማርከስ ቤይንስ ሮክ የተባለ አውስትራሊያዊ የሰው ልጅ ጥናት ተመራማሪ ግን አልሳቀም። ሐረር ተቀምጦ፣ በየሌሊቱ ከጅቦቹ ኋላ እየተከተለ፣ ሰዎቹ ስለ ጅብ የሚሉትን ሁሉ በቁም ነገር ሰምቶ እ.ኤ.አ. በ2015 መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉን ትልቅ ዋጋ እዚህ ላይ አየሁት፤ ስለ ጂኑ «አለ ወይስ የለም» ብሎ ፍርድ ቤት አልቆመም። «ይህ እምነት ሰውና ጅብን እንዴት አድርጎ አብሮ አኖራቸው?» ብሎ ጠየቀ። ይሄ ሌላ ጥያቄ ነው። ጅብ በሌላ አገር እንስሳ ይበላል፤ ሰውም ያጠቃል። ሌላው አገር የጅቡን መልስ በጥይትና በመርዝ ሰጠ። ሐረር በቀዳዳና በገንፎ ሰጠች። ጅቡ የቄራውንና የጓሮውን ቆሻሻ ይጠርጋል፤ ሰውም መንገድ ይለቅለታል። ዩሱፍ ሙሜ የሚባሉት የታወቁት ጅብ መጋቢ ከእጃቸው እያጎረሱ ኖሩ፤ ልጃቸው አባስም ሙያውን ወረሰ። ተማርን ባዮቹ ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ እያልን ስንተርት፣ በሚያውቁት አገር ቁርበት የተነጠፈለት ጅብ መኖሩን ረሳነው።

እንግዲህ ጂኑ መኖር አለመኖሩ እዚህ ላይ ምን ይለውጣል? ቀዳዳው ያው ቀዳዳ ነው። ገንፎው ያው ገንፎ ነው። የሚያምነውም የማያምነውም ከጅቡ ጋር በሰላም ያድራል። ከተማዋ መወሰን የነበረባትን ጥያቄ፣ ማለትም «ከዚህ አውሬ ጋር እንዴት እንኑር?» የሚለውን፣ ወስናለች። ዶክትሬት ሳያስፈልጋት ወስናለች።

ቆይ ግን። ያው ጂን ከግንቡ ቀዳዳ ወጥቶ አንዲት ልጅ ላይ ሲያርፍ ጥያቄው ይለወጣል።

ልጅቱ በድንገት ወደቀች እንበል። ተንዘፈዘፈች፤ አረፋ ደፈቀች። ሐረርም ይሁን ጎንደር፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ሰዉ ይከባትና ክብሪት ጭሮ ያሸታታል። ጂን ነው ይላል አንዱ፤ ጋኔን ነው ይላል ሌላው፤ ዛር ነው ይላል ሦስተኛው። እንዳይጋባብኝ ብሎ እጁን የሚሰበስበው ደግሞ ብዙ ነው። እሳት ዳር ወድቃ ስትቃጠል ለመያዝ የሚፈራ አለ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ ከሺህ ሰው አምስቱ ገደማ የሚጥል በሽታ እንዳለበት፣ ከእነዚህም እጅግ አብዛኞቹ ዘመናዊ መድኃኒት አግኝተው እንደማያውቁ አሳይተዋል። መድኃኒቱ ያለው ደግሞ ማርስ ላይ አይደለም። ፌኖባርቢታል ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ርካሽ ክኒን ነው።

እዚህ ላይ «ጂን ነው ወይስ በሽታ?» የሚለው የሻይ ሰዓት ጥያቄ አይደለም። መልሱ እንዲህ ከሆነ ልጅቱ ክኒን ትውጥና ትምህርት ቤት ትመለሳለች። መልሱ እንዲያ ከሆነ ጓዳ ተደብቃ ታረጃለች። ያው አንድ ጂን ነው፤ ግንቡ ጋ ስናገኘው ሰላም ብለነው እናልፋለን፤ ልጅቱ ላይ ስናገኘው ግን ልንጠይቀው ግድ ነው። ልጅቱን ጸበል ማስጠመቅም ቁርአን ማስቀራትም ከክኒኑ ጋር አይጣላም፤ የሚያስቀራት አባት ክኒኑንም ይስጣት፣ ሁለቱም የሱ ነው። የማይፈቀድለት አንዱን ይዞ ሌላውን መከልከል ነው፤ ምክንያቱም ለስህተቱ የምትከፍለው እሱ ሳይሆን ልጅቱ ናት።

ከዚህ ተነስቼ ለራሴ አንድ መለኪያ አበጅቻለሁ፤ የፈለገ ይዋሰኝ። ጥያቄ ሲመጣ ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ። መልስህ እንዲህ ወይም እንዲያ ቢሆን ነገ ጠዋት የሚለወጠው ምንድን ነው? ብሳሳትስ የሚከፍለው ማን ነው? የሚለወጥ ነገር ከሌለና የሚከፍል ሰው ከሌለ እንጫወትበት። የሚከፍል ሰው ካለ ግን፣ በተለይ ከፋዩ ክርክሩ ውስጥ ከሌለ፣ ጨዋታው ይብቃና ሥራ ይጀመር።

በዚህ መለኪያ አቦከርን እንያት። አቦከር ከሐረር ወረዳዎች አንዷ ናት። እዚያ የቅዳሜ ከሰዓት በርጫ የታደመ ሰው፣ ኢትዮጵያዊ ጠያቂ አይደለም፣ ፈላስፋ የለንም የሚለውን ወቀሳ ዳግም አይሰማም። ጫማ ደጅ ይወልቃል፤ ነደባው ላይ ትራስ ይደረደራል፤ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ጫቱ ይፈታል፤ በየሰዉ ፊት አንዳንድ ሃይላንድ ውሃ ይቆማል። የመጀመሪያው ሰዓት የወሬ ነው። ሁለተኛው ላይ ምርቃናው ሲገባ ዓለም ራሷ ወደ መሀል ትጠራለች። ሰው በእርግጥ ጨረቃ ላይ ወጥቷል? ዓለምን በስውር የሚመሩት ስንት ሰዎች ናቸው? ጊዜ መጀመሪያ አለው? ሕልም ከየት ይመጣል? እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዩኒቨርሲቲ ክፍል ይልቅ እዚህ ጎልቶ ይሰማል። የሚያፍር የለም፤ የሚያቋርጥ የለም፤ ሁሉም ሊቅ ነው።

አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ጨረቃው ላይ ክርክሩ ጦፎ፣ ባንዲራው ለምን ተወዛወዘ የሚለው ጋ ሲደርስ፣ ጥግ ላይ ዝም ብለው ያመነዥኩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያ ጀመዓ፣ ጨረቃን ተዉአት፤ እሷ ዱሮም ውሃ አልነበራትም። ውሃ የነበረው ሐሮማያ ነው። እሱን ማን ጠጣው?»

ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ወጣት ሳቀና «ኧረ አቦ ጋሼ፣ ምርቃናችንን አይስበሩብን!» አላቸው። ሁሉም ሳቀ። ወደ ጨረቃው ተመለስን። ማንም ጣቱን ነደባው ሥር ወደተከመረው ገረባ አልቀሰረም።

የሐሮማያን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ከሐረር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አወዳይን አልፎ፣ 20 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ያለ ሐይቅ ነው። ያኔ ዓለማያ ነበር የሚባለው። ሐረር ለአሠርት ዓመታት የጠጣችው የሱን ውሃ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። «ቀነሰ» ማለቴ አይደለም፤ ደረቀ። ጀልባ የተንሳፈፈበት ላይ ከብት ተሰማራ። ሐረር ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ ቦቴ ስትጠብቅ ከረመች። በመጨረሻ ውሃው ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች፣ ሽቅብ እየተገፋ እንዲመጣ ተደረገ። ድሬዳዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ። እንግዲህ አንዲት ብርጭቆ ውሃ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዳገት ወጥታ ነው ከንፈር የምትደርሰው። መብራት ሲሄድ ውሃም አብሮ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ሐይቁን ምን ገደለው? መልሱ ምሥጢር አይደለም። በዙሪያው ጫትና አትክልት የሚያጠጡ የውሃ መሳቢያ ሞተሮች በዙ። ተራራው ተራቆተና ደለሉ ወርዶ ሐይቁን ሞላው። ከተሞቹ አደጉ፤ የሚጠጡትም በዛ። ሙቀቱና ዝናቡም ከዚያው ጋር ተባበሩ። ገበሬው ላይ አልፈርድም። እሱ «ልጆቼን ምን ያበላልኛል?» ብሎ ጠየቀና ገበያው «ጫት» ብሎ መለሰለት። ከማሽላውም ከቡናውም ጫቱ ገንዘብ አወጣ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ መልሱም ለሱ ቤት ትክክል ነበር። አንድ ሺህ ትክክለኛ መልስ ተደምሮ አንድ ሐይቅ አደረቀ።

ቀልዱ ግን እዚህ ላይ ነው፣ ቀልድ ከተባለ። የበርጫው ጥያቄ ነዳጅ ጫት ነው። ጫቱ የጠጣው ሐይቁን ነው። ጨረቃ ላይ ውሃ አለ ወይስ የለም ብለን የተከራከርነው የገዛ መጠጥ ውሃችንን እያመነዠክን ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለወንዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አሁን አንድ ብልህ አንባቢ «ጥሩ ነው፣ ግን መለኪያህ ጠባብ ነው» ሊለኝ ይችላል። «ነገ ጠዋት ምን ይለውጣል እያልክ ጥያቄ ከመረጥክ ኮከብ የሚቆጥር አይኖርም፤ የጅብ ጂን የሚያጠና አይኖርም። የማይጠቅም የሚመስለውን መጠየቅ ነው ሰውን ሰው ያሰኘው።» ክርክሩ ከባድ ነው። ከባድነቱን የሚያሳየውም ይኸው ሐሮማያ ነው። በሐይቁ ዳር የቆመው ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው በንጉሡ ዘመን ነው። ከሐይቁ ውሃ እየቀዱ በማይክሮስኮፕ ደቃቅ ሕይወት ሲቆጥሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ነበሩ። ያንን የሚያይ ሰው «ሥራ ፈት!» ሳይል አይቀርም። ነገር ግን የሐይቁን መታመም በማስረጃ የጻፉት እነሱ ናቸው። ፕሮፌሰር ብሩክ ለማ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ሁለት ሐይቆችን አነጻጽረዋል፤ ቢሾፍቱ አካባቢ ያለውን፣ ሰው ወንዝ ጠልፎ የለወጠውን ሆራ ኪሎሌንና ሰው ውሃውን ቀድቶ ቀድቶ ያመነመነውን ዓለማያን። ይህ ሲታተም ሐይቁ ገና ሙሉ በሙሉ አልሞተም ነበር።

ስለዚህ ጉጉቱን አልከሰውም። ጉጉት ነፃ ነው፤ የፈለገው ቦታ ይብረር፤ ጨረቃም ይሂድ። የሰው ጉጉት ከየት ጠቃሚ ነገር ይዞ እንደሚመለስ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። መለኪያዬ ለጉጉት አይደለም፤ ለውሳኔ ነው። ማወቅ ያለብን ሁሉ አልጠፋንም። የሐሮማያ ጥያቄ ተጠይቋል፤ በሚገባ ተጠንቷል፤ ተጽፏልም። የጠፋው ጥያቄው የኔ ነው የሚል ሰው ነው።

ማን የኔ ይበል? ሐይቁ ያለው ኦሮሚያ ክልል፣ ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ነው። የሐረር ከተማ ያለችው ሐረሪ ክልል ነው። ጥናቱ ያለው ዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ ነው። ሞተሩ ያለው ገበሬው እጅ ነው። ጫቱ ያለው አወዳይ ገበያ፣ ከዚያም በአውሮፕላን ባሕር ማዶ ነው። ጥሙ ያለው አቦከር ነው። ሁሉም ከነገሩ አንዳንድ ቁራጭ ይዟል፤ ሙሉውን የያዘ የለም። እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደ ወላጅ አልባ ልጅ ነው፤ ሁሉም ያዝንለታል፣ ማንም ቤቱ አያሳድረውም።

ሐይቁ ከደረቀ በኋላማ ተናጋሪው በዛ። ዘመኑ ከፍቶ ነው ያለ አለ። ኃጢአታችን በዝቶ ነው ያለ አለ። ዐውደ ጥናትም ተደርጓል፤ ብዙ ስላይድ ታይቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው መሆኑ ነው። ዝናብ ሲጠፋ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ይጸልያል፤ ሶላቱም እግዚኦታውም የአገሩ ወግ ነው፤ ማንም አይነካውም። ሆኖም ፈጣሪን ዝናብ የሚለምን ሰው ከዝናቡ በፊት የነበረውን ውሃ ማን እንደወሰደው ቢቆጥር ከጸሎቱ ምንም አይጎድልበትም። ቆጠራና ጸሎት ተጣልተው አያውቁም። የተጣሉ የሚያስመስሏቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ሳይቆጥሩ መጸለይ የሚቀላቸውና ቆጥረው ምንም ሳያደርጉ መቀመጥ የሚቀላቸው። እኔ የሁለተኞቹ ነገር ይበልጥ ያናድደኛል፤ እነሱ አውቀው ነውና።

ይህን የምጽፈው ለቅሶ ለመድረስ አይደለም። በቅርብ ዓመታት ተፋሰሱ ላይ ሥራ ተሠርቶ፣ ዝናቡም ረድቶ፣ ሐሮማያ ውስጥ ውሃ መልሶ ተኝቷል። የደረቀ ሐይቅ ሲመለስ ማየት ለማንም ትውልድ በየቀኑ የሚገጥም ዕድል አይደለም። ውሃው ከተመለሰ ሞተሩም ይመለሳል፤ ጥያቄውም አብሮ ይመለሳል። ሁለተኛ ዕድል የተሰጠው ጥያቄ ነው። አሁንም ባለቤት ካላገኘ ሦስተኛ ጊዜ ላይጠየቅ ይችላል።

ምን ይደረግ ለሚለኝ ሐረር መልሱን ከራሷ ወግ ትዋስ እላለሁ። የአሹራ ገንፎ ምን ያስደንቃል? ጥያቄው ቀን አለው። ቦታ አለው። ምስክር አለው። ቅቤውን የሚያወጣ ሰው አለው። ጅቡ በላ ወይስ አልበላም የሚለው በጓዳ አይነገርም፤ ሰው ቆሞ ያየዋል፤ መልሱም በከተማው ይናኛል። በዓመት አንድ ጊዜ ከተማው «መጪው ዓመት እንዴት ነው?» ብሎ ተሰብስቦ ይጠይቃል። ሐሮማያስ ላይ እንዲህ ያለ ቀን ለምን አይኖርም? በዓመት አንድ ቀን፣ ከሁለቱም ክልል ሽማግሌው፣ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ተመራማሪው፣ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሰው ዳሩ ላይ ይቁሙ። ጥልቀቱ በሕዝብ ፊት ይለካ። ስንት ሞተር እንደሚስብ ይቆጠር። ቁጥሩ በአደባባይ ይነበብ፤ ካምናው የጎደለ እንደሆነ ማን ምን እንደሚተው እዚያው ይወሰን።

ጅብ ከገንፎ ምን ያህል እንደበላ ቆሞ የሚያይ ሕዝብ፣ ከሐይቁ ማን ምን ያህል እንደጠጣ ማየት አያቅተውም።